ብቻዋን የምትቆም ሴት፦ አስናቀች ወርቁን ወደ አዳራሻችን ስለማምጣት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በባህል ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ጉባኤያችን አንድ ሥራ ለባህል ኮሚቴው ተሰጥቶ ነበር። አንዲት ሴት ብቻዋን የምትጫወተው አጭር ቴአትር እንድናዘጋጅ፣ ጉዳዩም በሙዚቃችን ታሪክ ትልቅ ሥራ ሠርታ ስሟ እየደበዘዘ ስለሄደ ሴት እንዲሆን ተስማምተን ነበር። ዛሬ ፊታችሁ የቆምነው የደረስንበትን ለመንገር፣ ከመካከላችሁ ለተነሡት ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት፣ በመጨረሻም ሦስት ነገር ለመለመን ነው።

ጥያቄዎቹን አንሸሽጋቸውም። አንደኛው «እኛ ለቁጠባና ለብድር የተሰባሰብን ሴቶች ነን፤ ቴአትር ምን አገባን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀስ ተብሎ፣ ቡና ላይ የተነገረ ነው፦ «ክራር ይዛ ስለዘፈነች ሴት ለልጆቻችን ነግረን ምን እንዲማሩ ነው?» ሁለቱንም የጠየቁት ማኅበሩን ከልብ የሚወዱ እናቶች ናቸው። ስለዚህ መልሱ ተገቢ ጊዜ ይገባዋል።

መጀመሪያ ስለ ማን እንደምንናገር እንወቅ። አስናቀች ወርቁ እዚሁ አዲስ አበባ የተወለደች ተዋናይት፣ ድምፃዊትና የክራር ተጫዋች ናት። ያረፈችው መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። በዕድሜ የገፋችሁት እናቶቻችን ስሟ ሲነሣ ፊታችሁ እንደሚበራ አይተናል። በልምምዱ የሚረዱንን ወጣቶች ስንጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ አያውቋትም። አንዲት ሴት ከአንድ ትውልድ ወደሚቀጥለው ሳትሻገር ስትቀር እንዲህ ነው፤ ማንም ስሟን በክፉ ሳያነሣ፣ ማንም ሳያስበው፣ ዝም ብሎ ይጠፋል።

አስናቀችን የመረጥንበት ዋናው ምክንያት ክራሯ ብቻ አይደለም፤ መድረኩም ነው። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ሲጀምር ሴት አልነበረበትም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ አማካይነት ሲመሠረት፣ ከዚያም በኋላ ለተወሰነ ዘመን፣ በቴአትሩ ውስጥ እናት፣ ሚስት፣ ሙሽራ ሆነው የሚቀርቡት ወንዶች ነበሩ። የሴት ልብስ ለብሰው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው የእኛን ድርሻ ይጫወቱልን ነበር። ሴት ልጅ ሰው በተሰበሰበበት ከፍ ብላ ከቆመች ነውር ነበራ! የባለጌ ሥራ፣ የአዝማሪ ሥራ ይባል ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ የሙያ መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ መስደቢያ የሆነበት ጊዜ ነው።

አስናቀች በ1940ዎቹ አጋማሽ መድረክ ላይ ስትወጣ ይህንን ነውር ረግጣ ነው የወጣችው። በዘመናዊው ቴአትራችን እንደ ሴት የሴትን ድርሻ ይዛ በመቅረብ ቀዳሚ ሆና ስሟ የሚነሣውም ለዚህ ነው። ኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ለረጅም ዓመታት ሠርታለች። ተውናለች፣ ዘፍናለች፣ ተወዛውዛለች፣ ክራር ደርድራለች። ዛሬ ልጆቻችን ቴሌቪዥን ከፍተው ሴት ተዋናይ ሲያዩ የሚገርማቸው ነገር የለም። የማይገርማቸው ግን ያኔ አንዷ ስድቡን ተቀብላ ስላለፈችው ነው።

እስቲ ይህን ከእኛ ቴአትር ጋር አስተያዩት። ያኔ ወንዱ የራሱንም የሴቲቱንም ድርሻ ይዞ ነበር። በእኛ አዳራሽ ደግሞ አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማ የሴቱንም የወንዱንም ትጫወታለች። ካፖርት ደርባ ዘበኛ ትሆናለች፤ ነጠላ አጣፍታ እናት ትሆናለች፤ ድምፅዋን አቅጥና ደግሞ «ሴት የሆነውን ወንድ» ትሆናለች። በልምምድ ላይ ይህን ቦታ ስታይ እየሳቀች ቆይታ በመጨረሻ ዝም ያለች አባል አለች። «እኛን ሆነው ሲጫወቱ ኖረዋል ለካ» አለች። ከዚያ ወዲህ ቴአትሩ ለምን በአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ማንም አልጠየቀንም።

የአንድ ሰው ቴአትር ለከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። በረከት በላይነህ የደረሰውን፣ ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተውን «እያዩ ፈንገስ»ን ብዙ ሰው ተሰልፎ አይቶታል። አንድ ሰው በአንድ መድረክ ላይ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ይዞ ሊቆይ እንደሚችል ያ ሥራ አሳይቷል። ለእኛ ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው። አንዲት ተዋናይት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ክራርና ጥቂት አልባሳት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሚኒባስ ላይ ይጫናል። ከጀሞ፣ ከለቡ፣ ከሃና ማርያም ተነሥቶ ፒያሳ ሀገር ፍቅር ወይም ብሔራዊ ቴአትር ድረስ ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ልጅ አዝሎ የሚሄድ ስንቱ ነው? እሑድ ቀን እንኳ ልብስ ማጠቡ፣ ለቅሶ መድረሱ፣ ዕድሩ አለ። ስለዚህ እኛ ወደ ቴአትር ቤት መሄድ ካልቻልን ቴአትሩ ወደ እኛ ይምጣ ብለናል።

ሌላ ሴትም ታጭታልን ነበር። ብዙዎቻችሁ ስማቸውን በቅርብ ዓመታት የሰማችኋቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ቤት ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ጋር ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ። እኅትየው ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፣ የቴአትር ደራሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የውብዳር ግን ሙዚቃን ያዙ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከነቤተ ሰባቸው አዚናራ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት ተግዘው እስረኛ ሆኑ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ቫዮሊንና ፒያኖ አጠኑ። ለንደን ሄደው እንዲማሩ ዕድል ተገኝቶላቸው ሳለ ፈቃድ ተነፈጉ። ያን ጊዜ ልባቸው ከዓለም ተመለሰ፤ ወሎ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኮሱ፤ ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ።

የእማሆይ ታሪክ ለእኛ ማኅበር የሚቀርብበት ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያውን ሸክላቸውን ሲያሳትሙ ገቢውን ለወላጅ አልባ ሕፃናት ነው ያዋሉት። ሸክላ አሳትሞ ድኻ መርዳት ማለት ከእኛ ሥራ ምን ይለያል? መጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲያርፉ ዕድሜያቸው ዘጠና ዘጠኝ ነበር፤ ፒያኗቸውንም ዓለም ያውቀዋል። ታዲያ ለምን አስናቀችን መረጥን? እማሆይ የትልቅ ሰው ልጅ ሆነው በሩ ከተዘጋባቸው፣ ባለ ሥልጣን አባት ሳይኖራት በሩን ገፍታ የገባችውን እንዴት ሳንጠራ እንቀራለን ብለን ነው። እግዚአብሔር ቢፈቅድ የእማሆይ ተራ በሚቀጥለው ዓመት ይሁን።

አሁን ወደ ክራሩ እንምጣ። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ያለው፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ የሚቃኝ ዕቃ መሆኑን ታውቃላችሁ። በገና የጸሎትና የምስጋና ሲሆን ክራር የፍቅርና የጨዋታ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ክራር የያዘች ሴት ስሟ በቀላሉ ይጎድፋል። ይህን መንገድ አስናቀች ብቻዋን አልሄደችበትም፤ ሜሪ አርምዴን የሚያስታውሱ እናቶች እዚህ አሉ። ግን አስቡት፤ ክራር የያዘች ሴት ከሌሎቹ የሚለያት ግጥሙንም፣ ዜማውንም፣ አጀቡንም ራሷ መያዟ ነው። ማንንም ሳትጠብቅ ትቃኛለች፤ ማንንም ሳትጠብቅ ትናገራለች። ሰሙን ሰምታችሁ ስትስቁ ወርቁ ከደረሰባችሁ በኋላ ነው የምታውቁት። የሚፈሩትም ለዚህ ይመስለናል።

እንዲህ ያለው ቃል ደግሞ ካልተቀረጸ ይጠፋል። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ውስጥ ነው፤ ድምፁም የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነው። ያኔ እናቶቻችን አይዘፍኑም ነበር? ይዘፍኑ ነበር እንጂ! ወፍጮ ላይ ያንጎራጉሩ ነበር፤ እሹሩሩ ይሉ ነበር፤ ለቅሶ ላይ ሙሾ ያወርዱ ነበር፤ ሠርግ ያደምቁ ነበር። ወደ እነሱ የመጣ መቅረጫ ግን አልነበረም።

ኋላም ቢሆን ሚዛኑ አልተካከለም። «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የድሮ ሙዚቃችንን እየሰበሰበ ያሳተመውን ተከታታይ ሲዲ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ወደ ሠላሳ ቁጥር ደርሷል። ከነዚያ ውስጥ ሙሉው ለአንዲት ሴት ብቻ የተሰጠ የትኛው ነው ብላችሁ ብትቆጥሩ ሁለት ታገኛላችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ቁጥር 16 የአስናቀች፣ በ2006 የወጣው ቁጥር 21 የእማሆይ። አስናቀች እ.ኤ.አ. በ1975 ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ጋር የሠራችው ካሴትም ከአርባ ዓመት በኋላ በውጭ አገር አሳታሚ እንደገና ወጥቷል። ራሄል ሳሙኤል ስለ ሕይወቷ የሠራችው ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ለሕዝብ የታየው አስናቀች ካረፈች በኋላ ነው። የውጭው ሰው ስላከበራት ደስ ይለናል። ጀሞ ያለችው ልጅ ግን የራሷን አገር ሴት በውጭ ሰው በኩል ብቻ ለምን ታውቃት?

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንጨምር። ሞዛርት የሚባለውን የኦስትሪያ ሙዚቀኛ ስም ያልሰማ የለም። ታላቅ እኅት ነበረችው፤ ማሪያ አና ትባላለች። በልጅነታቸው አውሮፓን አብረው እየዞሩ በነገሥታት ፊት ተጫውተዋል። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ግን ጉዞው ለእሷ ቆመ፤ ለወንድሟ ቀጠለ። ወንድሟ በደብዳቤው ያደነቀው የእሷ ድርሰት ዛሬ የለም፤ ጠፍቷል። ሲልቪያ ሚሎ የምትባል ተዋናይት ይህንን ታሪክ ራሷ ጽፋ ብቻዋን ትጫወተዋለች። ቀሚሷ መድረኩን ሙሉ የሚሸፍን ነው። እኛ ያን የሚያህል ቀሚስ የምናሰፋበት ገንዘብ የለንም። ሐሳቡ ግን ገብቶናል፤ ብቻዋን የቀረችን ሴት ታሪክ ብቻዋን የቆመች ሴት ስትነግረው ያምራል።

አሁን ቴአትሩ ውስጥ ስላለው ነገር። በኮሚቴው ውስጥ ረጅም ክርክር አድርገናል። አንዳንዶቻችን አስናቀችን ጨዋና ምስኪን ብቻ አድርገን እናሳያት አልን። ሌሎቻችን ይህ ውሸት ነው አልን። አስናቀች ውበቷን የምታውቅ፣ የምትዋብ፣ ያሰበችውን የምትናገር፣ እንደፈቀደችው የኖረች ሴት ነበረች። ሴት ልጅ ልትታወስ የምትችለው ቅድስት ከሆነች ብቻ ነው ካልን ማን ሊታወስ ነው? ወንዶቹን ስናስታውስ ይህን አንጠይቅም።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ያልተናገረችውን ቃል እንዴት በአፏ እናስገባለን? ለዚህ ደራሲዎቻችን መላ አገኙ። መድረኩ ላይ የምትቆመው አስናቀች አይደለችም። ቴአትር ቤት ውስጥ ወለል የምትጠርግ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ሁሉን የምታይ ሴት ናት። ይህች ሴት የፈጠራ ሰው ናት፤ አስናቀች ግን እውነተኛዋ ናት። ጠራጊዋ ያየችውን ትነግረናለች፤ ትስቃለች፤ ትቀናለች፤ «እኔስ ብሆን?» ትላለች። አስናቀች የተቀመጠችበትን ወንበር እየጠረገች ክራሩን ታነሣለች፤ መልሳ ታስቀምጣለች፤ እንደገና ታነሣለች። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን እንዲህ አንሥተን ያስቀመጥነው ነገር አለን?

ዘፈኖቿንም እንዲሁ አንወስድም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ደራሲ የኢኮኖሚ መብት ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመን ሁሉ፣ ካረፈም በኋላ ለሃምሳ ዓመት ይጠበቃል። አስናቀች ያረፈችው በ2004 ነውና የራሷ ድርሰቶች ገና የወራሾቿ ናቸው። ፈቃድ ሳንጠይቅ ብንዘፍንባቸው ሴትን እናከብራለን እያልን የሴትን ሀብት መውሰድ ይሆንብናል። ትዝታና ባቲ እንደ ቅኝት ግን የሁላችን ናቸው። ስለዚህ በነባሩ ቅኝት ላይ የራሳችን አባላት የደረሱት አዲስ ግጥም ይዘፈናል። ከደራሲዎቹ አንዷ በየዕድሩ ሙሾ የምታወርድ እናታችን ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ግጥም ሲያወጡ ኖረዋል፤ ግጥማቸው በወረቀት ሲጻፍ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ስማቸው በመግቢያ ወረቀቱ ላይ ይታተማል።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ጥያቄ የሚመለሰው፤ ቴአትርና ቁጠባ ምን አገናኛቸው የሚለው። በማኅበራችን የእንጀራ ሥራ፣ የሽመና፣ የአትክልት ንግድ ብድር ያገኛል። ድምፅ ግን ብድር አግኝቶ አያውቅም፤ ሥራ ነው ብለን ስለማናስበው። ሠርግ ላይ እስከ ሌሊት ዘፍና ራት በልታ የምትሄድ አባል አለችን። «አንቺማ ተሰጥኦሽ ነው፤ ምን ይከፈልሻል?» ትባላለች። እንጀራ ለሚያወጣ እጅ የሚከፈል ከሆነ ግጥም ለሚያወጣ አፍም ሊከፈል ይገባል። ስለ ትናንቷ ሙዚቀኛ አልቅሰን የዛሬዋን በነጻ ካዘፈንናት የአስናቀችን ስም ማንሣታችን ምን ጥቅም አለው?

ስለዚህ ኮሚቴው ከመጀመሪያው አንድ ነገር ወስኗል። የምትጫወተው ወጣት በየትርኢቱ ይከፈላታል፤ ግጥም የደረሱትም ይከፈላቸዋል። የቁጠባው ገንዘብ ግን አይነካም። ወጪው ከመግቢያና ከወዳጆቻችን ድጋፍ ብቻ ይሸፈናል፤ ሒሳቡም ለብቻው ተይዞ ለሁላችሁም ይቀርባል።

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ልጆቻችን ምን ይማራሉ ለተባለው፣ መልሳችን አጭር ነው። ሴት ልጅ ሰው ፊት ቆማ መናገር ነውር እንዳልሆነ ይማራሉ። ይህ ለመድረክ ብቻ አይደለም። በቀበሌ ስብሰባ፣ በፍርድ ቤት፣ ደመወዝ በሚከለክል አሠሪ ፊት፣ በዕድር ጉባኤ ላይ ቆሞ መናገር ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን እዚህ ማኅበር ስንገባ ስማችንን ለማስመዝገብ እንኳ ድምፃችን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዛሬ ሒሳብ እያቀረብን እንከራከራለን። ልጆቻችን ይህን በዐሥራ አምስት ዓመታቸው ቢጀምሩት ምን ይጎዳል?

እንግዲህ ሦስቱ ልመናዎቻችን እነሆ።

አንደኛ፣ እናቶቻችን፤ አስናቀችን በመድረክ ያያችሁ፣ በሬዲዮ የሰማችሁ፣ ስለ እሷ የተባለውን ክፉም ደግም የምታስታውሱ ኑና ንገሩን። ወጣቶቹ በስልካቸው ይቀርጿችኋል። የእናንተም ድምፅ አብሮ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፣ ሴት ልጆቻችሁን ልቀቁልን። ልምምዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በብርሃን፣ በዚሁ አዳራሽ ነው። የኮሚቴው እናቶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው ይቀመጣሉ። ቡናም አለ።

ሦስተኛ፣ የምትደግፉን ወዳጆቻችን፤ ባነርና ቲሸርት ልታሠሩልን ያሰባችሁ እንደሆነ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ግን ያንን ገንዘብ ለተዋናይቷ፣ ለክራር መምህሯና ለገጣሚዎቹ ክፍያ አድርጉት። ባነር ዝናብ ያበላሸዋል፤ ለሥራዋ ተከፍሏት የምታውቅ ልጅ ግን ሁለተኛ በነጻ አትሠራም፤ ሌላዋንም በነጻ አታሠራም።

የመጀመሪያው ትርኢት ከፋሲካ በኋላ በአዳራሻችን ይሆናል። ቀኑ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በየቡድን ሰብሳቢዎቻችሁም በኩል ይነገራችኋል። የአባላት ልጆች በነጻ ይገባሉ፤ ሌላው ሰው የአቅሙን ይከፍላል። ባሎቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ ያኔ አያቶቻቸው የተጫወቱትን የሴት ድርሻ ዛሬ ሴት ስትጫወተው ይዩ።